የፊንጫና የግቤ ልጅ ለምን መብራት ጠፋበት?
ስለ ኤሌክትሪክ ዋጋና ስለ አማራጭ ኃይል በእጃጂ ከተማ ለመራጮች የቀረበ ንግግር



ቀደም ሲል በአፋን ኦሮሞ ያልኩትን ሁሉ በአማርኛ መልሼ አልደግመውም፤ ፀሐዩም እየበረታ ነው። ዋና ዋናውን ብቻ እናገራለሁ።

የምናገረው ስለ መብራት ነው። «ስለ ሰላም፣ ስለ መሬት፣ ስለ ሥራ አጥነት መናገር ሲገባችሁ ስለ አምፖል ታወራላችሁ ወይ?» የሚለን ይኖራል። በእነዚያ ጉዳዮች ላይ ፓርቲያችን ያለውን አቋም በያዛችሁት ጽሑፍ ውስጥ ታገኙታላችሁ። መብራትን የመረጥንበት ምክንያት አለን። የመንግሥት ሥራ በየወሩ ቁጥር ሆኖ ቤታችን ድረስ የሚመጣው በመብራት ደረሰኝ ነው። መንገድ ተሠራ አልተሠራ ብለን ልንከራከር እንችላለን፤ ደረሰኝና ጨለማ ግን አያከራክሩም።

ከዚህ ወደ ጌዶ ወጥታችሁ ወደ ሰሜን ብትታጠፉ መንገዱ ፊንጫ ያደርሳችኋል። የፊንጫ ጣቢያ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1973 ሥራ የጀመረ ሲሆን ዛሬ 134 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ግድቡ ሲሠራ የጮመን ረግረግና በዙሪያው የነበረው የግጦሽና የእርሻ መሬት በውሃ ተዋጠ፣ ገበሬው ተነሳ። ከዚያ የሚወጣው ከፍተኛ መስመር በጌዶ በኩል አድርጎ ወደ አዲስ አበባ ይወርዳል። ከዚያ መስመር ሥር ከብት ሲጠብቅ ውሎ ማታ በኩራዝ ወይም በእጅ ባትሪ የሚያጠና ልጅ ዛሬም አለ። የግቤም ነገር ከዚህ አይለይም። ከእኛው አካባቢ ደጋ የሚነሳው ውሃ ቁልቁል ወርዶ ኦሞ ይሆንና 1870 ሜጋ ዋት አቅም ያለውን የግቤ ሦስት ጣቢያ ያንቀሳቅሳል። «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» ይባላል፤ የፊንጫንና የግቤን ልጅ ደግሞ መብራት ጠፋበት።

ወደ ታላቁ የሕዳሴ ግድብ እንምጣ። ግንባታው መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ተጀምሮ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። ከ5 ሺህ ሜጋ ዋት በላይ የማመንጨት አቅም ያለው፣ በአፍሪካ ትልቁ የውሃ ኃይል ጣቢያ ነው። ይህን ግድብ የገዥው ፓርቲ ንብረት አድርጎ የሚያቀርብ ካለ ተሳስቷል። መምህሩ ከደመወዙ ተቆርጦበታል፣ ነጋዴው ቦንድ ገዝቷል፣ እናቶች ከመቀነታቸው ፈትተው ሰጥተዋል። ተቃዋሚ ስለሆንን ግድቡን የምንቃወም የሚመስለው ሰው ካለ ይህን ሐሳብ ከአሁኑ ይተው። እኛ የምንጠይቀው ሌላ ነገር ነው። ኃይሉ ተመንጭቷል፤ ታዲያ እኛ ቤት እስኪደርስ የት ነው የሚቀረው?

መልሱ ከግድቡ ወዲህ ያለው መንገድ ነው። ሃያና ሠላሳ ዓመት የቆመ የእንጨት ምሰሶ፣ ከአቅሙ በላይ የተጫነበት ትራንስፎርመር፣ የላላ ሽቦ። በአገራችን ከሚመነጨው ኃይል አንድ አምስተኛ የሚጠጋው በመስመር ላይ ይባክናል። ግድብ ይመረቃል፣ ሪባን ይቆረጣል፣ በቴሌቪዥን ይታያል። የቀበሌ ትራንስፎርመር ሲቀየር ሪባን የሚቆርጥ ባለሥልጣን አይመጣም። ገንዘቡም ወደ ሪባኑ አደላ። በ2010 ዓ.ም. መንግሥት ባወጣው ብሔራዊ የኤሌክትሪፊኬሽን ፕሮግራም በፈረንጆች 2025 ኢትዮጵያዊ ሁሉ መብራት ያገኛል፣ 65 በመቶው ከዋናው መስመር፣ 35 በመቶው ደግሞ ከፀሐይና ከመሳሰሉት ተብሎ ነበር። ዓመቱ አለፈ። መብራት ያገኘው ግን ከሕዝቡ ግማሽ ያህሉ ነው። ይህን ማንም ተጠያቂ ሆኖ በፓርላማ ሲያስረዳ አልሰማንም።

አሁን ወደ ዋጋው ልግባ፤ እናቶች ቀድመው የጠየቁኝም ይህንኑ ነው።

ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ ለአሥራ ሁለት ዓመት ያህል የመብራት ታሪፍ አልተነካም ነበር። በ2011 ዓ.ም. በደረጃ መጨመር ጀመረ። ጭማሪው ሲጠናቀቅ በወር እስከ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚጠቀም ቤተሰብ በ27 ሳንቲም ሂሳብ ሲቀር፣ ከ500 በላይ የሚጠቀመው 2 ብር ከ48 ሳንቲም ደረሰ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከመቶ ብር አለፈ። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የመብራት ታሪፍ ለአራት ዓመት በየሦስት ወሩ ከፍ እንዲል ተወሰነ። አነስተኛ ተጠቃሚ ይደጎማል ተብሏል። መደጎሙን አንክድም። ድጎማው የተለካበትን መስፈሪያ ነው የምንጠይቀው።

ሂሳቡን አብረን እንሥራ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ሦስት ኪሎ ዋት ተኩል ገደማ ይወስዳል። ሙቀቱ እስኪደርስና እንጀራው ተጋግሮ እስኪያልቅ አንድ ሰዓት ተኩል ቢፈጅ አምስት ኪሎ ዋት ሰዓት ያልፋል። በሳምንት ሁለት ጊዜ የሚጋገርበት ቤት በወር ለእንጀራ ብቻ ከ45 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ ያወጣል ማለት ነው። ለአምፖሉ፣ ለቴሌቪዥኑ፣ ለልጆቹ ስልክ ቻርጅ የሚቀረው አምስት እንኳ አይሞላም። በሌላ አነጋገር «የድሃ» ተብሎ የተቀመጠው የመጀመሪያው እርከን እንጀራ የማይጋገርበት ቤት እርከን ነው! በኢትዮጵያ ውስጥ እንጀራ የማይበላ ድሃ ያገኘ ማን ነው? ይህን መስፈሪያ ያወጣው ባለሙያ ምሳውን ምን እንደበላ ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር።

ሌላም አለ፤ በከተሞቻችን ብዙ ሰው የሚኖረው ተከራይቶ ነው። በአንድ ግቢ አራትና አምስት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ ይጠቀማል። እያንዳንዱ ለብቻው ቢለካ በዝቅተኛው እርከን የሚከፍል ሰው፣ ቆጣሪው አንድ በመሆኑ ብቻ የሁሉም ተደምሮ ወደ ውዱ እርከን ይወጣል። በዚህ ምክንያት የቀን ሠራተኛዋ ባለ ቪላው የሚከፍለውን ዋጋ ትከፍላለች። አከራይና ተከራይም በየወሩ በደረሰኝ ይጣላሉ። ጥፋቱ የአከራዩም የተከራዩም አይደለም፤ ቆጣሪ ለማስገባት የሚጠየቀው ገንዘብና የሚፈጀው ጊዜ ነው።

የከሰሉን ዋጋ ደግሞ ከእኔ በላይ እናንተ ታውቁታላችሁ። መብራት ሲወደድ ወይም ሲጠፋ ምጣዱ ይቀመጥና ወደ ማገዶና ወደ ከሰል እንመለሳለን። የጌዶ አካባቢ ደን በመጥረቢያ የሚያልቀው ገበሬው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ከተማው ስለሚገዛው ነው። አገራችን ኃይሏን ከሞላ ጎደል በሙሉ ከውሃና ከነፋስ ታመነጫለች፣ ለዓለም ምሳሌ ናት እየተባለ በየስብሰባው ይነገራል። ነገሩ እውነት ነው። ነገር ግን በጓዳ ያለው ምድጃ ሲታይ አብዛኛው ሕዝባችን ዛሬም የሚያበስለው በእንጨት ነው። ንጹሕ ኃይል የሚለው ቃል ጓዳ ካልገባ የሪፖርት ጌጥ ብቻ ነው።

ኃይላችን ከውሃ ነው ስንል አንድ አደጋም አለበት። ዘጠና በመቶ የሚበልጠው ከወንዝ ስለሚገኝ ዝናብ ሲቀር መብራትም ይቀራል። በ1995 ዓ.ም. በፈረቃ ኖረናል፤ በ2001 ዓ.ም. ደግመነዋል፤ በግንቦት 2011 ዓ.ም. የግቤ ሦስት ውሃ ሲቀንስ እንደገና ፈረቃ ታወጀ። ወፍጮ ቤቱ፣ ብየዳ ቤቱ፣ ጸጉር ቤቱ ያኔ ምን እንደደረሰበት የሥራው ባለቤቶች እዚህ አሉ። ጀነሬተር ያለው በናፍጣ ሠራ፣ የሌለው ዘጋ።

መድኃኒቱ በእጃችን ነው። በእኛ አገር ነፋስ በርትቶ የሚነፍሰው በበጋ ነው፣ ግድቦች የሚጎድሉትም በበጋ ነው። ሁለቱ ሲጣመሩ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሸፍናል። አዳማ ላይ የተተከሉት ሁለት የነፋስ ጣቢያዎች 51 እና 153 ሜጋ ዋት አቅም አላቸው፤ አሸጎዳ 120 ሜጋ ዋት። ጅምሩ ጥሩ ነው፣ ጅምር ሆኖ መቅረቱ ነው የሚያሳዝነው። የፀሐዩማ ነገር አይነሳ። በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ አንድ የሳዑዲ ኩባንያ በጋድና በዲቼቶ የፀሐይ ጣቢያ እንዲተክልና ኃይሉን በሁለት ተኩል የአሜሪካ ሳንቲም እንዲሸጥ ጨረታ አሸንፎ በዜና ተበሰረ። ዓመታት አለፉ፣ ጣቢያዎቹ አልተተከሉም። ባለሀብት ገንዘቡን በዶላር አምጥቶ በብር ሲከፈለው እንዴት እንደሚያወጣ ካላወቀ አይመጣም፤ ሰላም ከሌለም አይመጣም።

ኡራጓይ የምትባል በደቡብ አሜሪካ ያለች ትንሽ አገር አለች፤ ሕዝቧ ሦስት ሚሊዮን ተኩል አይሞላም። እሷም እንደ እኛ በግድብ ትተማመን ነበር፣ ድርቅ ሲመጣ ነዳጅ እየገዛች ታቃጥል ነበር። በፈረንጆች 2010 ገዥውም ተቃዋሚውም በፓርላማ ያሉት ፓርቲዎች በአንድ የኃይል ፖሊሲ ላይ ተስማሙ። መንግሥት ቢቀየርም ፖሊሲው እንዳይቀየር ማለት ነው። አሥር ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ የነፋስ ኃይል ከምንም ተነስቶ ከዋናዎቹ ምንጮች አንዱ ሆነ፣ ከኃይሏም ከዘጠና በመቶ በላይ የሚሆነው ታዳሽ ሆነ። ለቤተሰብ የሚከፈለው ዋጋ ግን በዚያው ልክ አልረከሰም። ይህንንም የምነግራችሁ ሆን ብዬ ነው፤ ነፋስ ተከልን ማለት ደረሰኝ ቀለለ ማለት አይደለም።

ስለዚህ ዛሬ «ከመረጣችሁን የመብራት ዋጋ እናወርዳለን» አልላችሁም። እንዲህ የሚላችሁ ተወዳዳሪ ካለ ሽቦው፣ ትራንስፎርመሩና የውጭ ብድሩ በምን እንደሚከፈል ጠይቁት። ፓርቲያችን የሚለው ሌላ ነው። አንደኛ፣ ዝቅተኛው እርከን በምጣድ ይለካ፤ የአንድ ቤተሰብ እንጀራና መብራት የሚጠይቀው ኃይል፣ ማለትም ወደ 100 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚጠጋው፣ በመጀመሪያው ዋጋ ይሁን። ጉድለቱ ከየት ይሞላል ቢባል፣ በብዛት ከሚጠቀመውና ኃይል ለውጭ ተሽጦ ከሚገኘው ዶላር ነው። ለጅቡቲ፣ ለሱዳን፣ ለኬንያ ኃይል ተሽጧል። ቢትኮይን የሚባለውን የኢንተርኔት ገንዘብ ለሚያመርቱ ኩባንያዎችም ኪሎ ዋት ሰዓቱ በሦስት የአሜሪካ ሳንቲም ገደማ ሲሸጥ እንደነበር ተዘግቧል። መሸጡን አንቃወምም፤ ዶላር ያስፈልገናል። ከገቢው የተወሰነው ድርሻ ለትናንሽ ከተሞች መስመር ጥገና በሕግ ይመደብ እንላለን።

ለተከራይ የራሱ ቆጣሪ እንዲገባለት፣ ክፍያውም በየወሩ ተከፋፍሎ ከደረሰኙ ጋር እንዲታሰብ እንጠይቃለን። ታሪፍ በየሦስት ወሩ ይጨምራል ከተባለ መብራት ስንት ሰዓት እንደጠፋም በየሦስት ወሩ፣ በየከተማው ተዘርዝሮ ይለጠፍ። አገልግሎቱ ካልተሻሻለ የዚያ ሩብ ዓመት ጭማሪ ለዚያ ከተማ አይጸና። ነጋዴ የበሰበሰ እህል ሸጦ ዋጋ ቢጨምር ዝም ትላላችሁ?

ከዋናው መስመር ርቀው ላሉት የገጠር ቀበሌዎች ምሰሶ እስኪደርስ ሃያ ዓመት መጠበቅ አያስፈልግም። ለጤና ጣቢያ፣ ለትምህርት ቤትና ለወፍጮ የሚሆን የፀሐይ ኃይል በወረዳ ደረጃ ሊተከል ይችላል። ወፍጮውን ለይቼ የጠራሁት በምክንያት ነው፤ አምፖል ብቻ የሚያበራ ፀሐይ ራሱን አይከፍልም፣ ወፍጮ የሚያዞር ግን ገቢ አለው፤ ባትሪው ሲያረጅ የሚተካበትን ገንዘብ ያስገኛል።

ጥያቄ ያላችሁ አሁን ጠይቁ፤ ከሴቶች እንጀምራለን። የመብራት ደረሰኝ የያዛችሁ ደግሞ ስትወጡ በሩ አጠገብ ላሉት ልጆች አሳዩአቸው። ስማችሁን አይጽፉም፤ የተጠቀማችሁትን መጠን፣ የከፈላችሁትንና በአንድ ቆጣሪ ስንት ቤተሰብ እንዳላችሁ ብቻ ነው የሚመዘግቡት። ብንመረጥም ባንመረጥም የተመዘገበውን ለወረዳውና ለክልሉ ምክር ቤት እናቀርባለን።