አራዳ የወለደው የጋዜጠኞች ኮሜዲ



በዝናና በጋዜጠኝነት ላይ ስለሚያሾፉ የፍቅር ኮሜዲዎች ሲወራ ለንደንና ሆሊውድ ናቸው ቀድመው ትዝ የሚሉን። በእንግሊዝኛ ከተጻፉት መካከል እጅግ ስመ ጥር የሆነው ግን ነገሩን የቃረመው ከዚህችው ከተማችን ነው። እንግሊዛዊው ደራሲ ኤቭሊን ዎ በ1930 ዓ.ም. ያሳተመው ልብ ወለድ «ስኩፕ» ይባላል። ዎ አዲስ አበባ መጀመሪያ የመጣው ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. እዚህ አራዳ ጊዮርጊስ የተፈጸመውን የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን በዓለ ንግሥ ለመዘገብ ነበር። በ1927 ክረምት ደግሞ የጣሊያን ወረራ ሲያንዣብብ የዴይሊ ሜይል ጋዜጣ ወኪል ሆኖ ተመለሰ።

ያን ክረምት አስቡት። ከአውሮፓና ከአሜሪካ የጎረፈው ጋዜጠኛ ሆቴሎቹን አጨናንቋል፤ ጦርነቱ ግን ገና አልጀመረም። አለቆቻቸው በየቀኑ ወሬ ይጠይቃሉ፤ ወሬ የለም። ስለዚህ አንዱ የሌላውን ቴሌግራም ያድናል፣ ጭምጭምታ ይገዛል፣ ያላየውን ጦር ሜዳ ይተርካል። የሞርኒንግ ፖስቱ ቢል ዲድስ ያኔ የ22 ዓመት ወጣት ነበር፤ ጋዜጣው ሩብ ቶን የሚጠጋ ጓዝ አሸክሞ ነው የላከው። ዎ ከእሱ ጋር አንድ ማረፊያ ስለነበር ያን ጓዝ በዓይኑ አይቶታል። በልብ ወለዱ ውስጥ ጀግናው ዊልያም ቡት ተጣጣፊ ጀልባ ሳይቀር ጭኖ ሲጓዝ የምናነበው ከዚህ የተነሳ ነው።

ዊልያም ስለ ገጠር እንስሳትና አዕዋፍ የሚጽፍ ዓይናፋር ሰው ነው። ጋዜጣው በስም ተሳስቶ፣ ዝነኛውን ደራሲ ቡትን የላከ መስሎት፣ እሱን ኢሽሜሊያ ወደተባለች ምናባዊ አገር ይልከዋል። እዚያ ካትሽን ከምትባል ባለትዳር ሴት ፍቅር ይይዘዋል። ትልቁን ዜናም በአጋጣሚ ያገኛል። መጨረሻ ላይ እሷ ከባሏ ጋር በዚያችው ጀልባ ትሄዳለች፤ ለዊልያም የታሰበው የናይትነት ማዕረግም ምንም ላልሠራው ለሌላው ቡት ይሰጣል። ዝና ከሥራ ተለይቶ በስም ብቻ እንደሚታደል ከዚህ በተሻለ ያሳየ ድርሰት እኔ አላነበብኩም።

ሆኖም አንድ ጉድለቱን መናገር ግዴታዬ ነው። መጽሐፉ በጋዜጠኞቹ ይስቃል፤ አስተርጓሚውን፣ የቴሌግራፍ ሠራተኛውን፣ እንግዳ የምታስተናግደውን ሴት ግን ሰው አድርጎ አያያቸውም። ዎ በጦርነቱ ጊዜ ለጣሊያን ያደላ ሰው ነበር፤ ይህም ብዕሩ ላይ ይታያል።

ለእኛ ዝና ያኔ ቀልድ አልነበረም። ታይም መጽሔት ጃንሆይን እ.ኤ.አ. የ1935 የዓመቱ ሰው ብሎ ሽፋኑ ላይ ያወጣቸው ታኅሣሥ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። አራት ወር ሳይሞላ አገራቸውን ለቀው ወጡ። ሰኔ 23 ቀን ጄኔቫ ላይ፣ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ለመናገር ሲቆሙ፣ ከላይ ሰገነት ላይ የተቀመጡ የጣሊያን ጋዜጠኞች በፉጨት አወኳቸው። ሽፋን ላይ ያወጣቸውም፣ ያፏጨባቸውም የአንድ ሙያ ሰው ነው። በሐምሌ ማኅበሩ በጣሊያን ላይ የጣለውን ማዕቀብ አነሳ። የመጽሔት ገጽ ጥይት ሆኖ አልደረሰልንም።

የዚያን ዘመን እውነተኛውን የፍቅር ታሪክ ከፈለጋችሁ ግን የዘ ታይምስ ጋዜጣውን ጆርጅ ስቲርን ፈልጉ። ሚያዝያ 26 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ ጣሊያን አዲስ አበባ ሊገባ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ከተማው እየተዘረፈና እየተቃጠለ፣ በእንግሊዝ ሌጋሲዮን ግቢ ማርጋሪታ ደ ኤሬሮ የምትባል የሙያ ባልደረባውን አገባ። ይህ ሰው የጣሊያንን የመርዝ ጋዝ ግፍ ለዓለም ጽፏል፤ ቆይቶም በስፔን የጌርኒካ ከተማን መደብደብ ዘግቧል። በ1933 ከነጻ አውጪው ጦር ጋር ተመልሶ በአማርኛ «ባንዲራችን» የተባለ ጋዜጣ ለአርበኛው ያሳትም ነበር። እዚሁ አዲስ አበባ፣ ዎ በነበረበት ወቅት የኖረ ጋዜጠኛ ነው። ለምን እሱን ትተን ዊልያም ቡትን ብቻ እናውቃለን?

ደግሞም የሽሙጥ ጥበብ ለእኛ እንግዳ አይደለም። የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ቴአትር ራሱ ሽሙጥ ነው። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ»ን በ1910ዎቹ ሲያሳዩ መኳንንቱ የገዛ ምግባራቸውን በአውሬ አምሳል አዩ፤ ቴአትርም ታገደ። እኚሁ ሰው ናቸው ወረራው ሲቃረብ ጄኔቫ ተቀምጠው ስለ አገራቸው የተሟገቱት። ከእሳቸው በኋላ መንግሥቱ ለማ በ«ጠልፎ በኪሴ» እና በ«ያላቻ ጋብቻ» ፍቅርንና የኑሮ ደረጃን አጋጥሞ አገር አስቋል። ያ ሳቅ ሰውን አያዋርድም፤ ገጸ ባሕርያቱን ሁሉ ያከብራል። ለጋዜጠኞቹ ኮሜዲም የጎደለው ይህ ነው።

ዛሬ የዝናው ገበያ ከመጽሔት ሽፋን ወደ ስልክ መስኮት ዞሯል። የዘፋኝ ሠርግና ፍቺ በየሰዓቱ ይነገራል፤ ያልሆነውም ሆነ ተብሎ ይነገራል። የ1927ቱ የአራዳ ክረምት በእያንዳንዳችን ኪስ ውስጥ አለ ማለት ይቻላል።

ስለዚህ ልመናዬ ለወጣት ጸሐፌ ተውኔቶች ነው። በዚያው በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው የሀገር ፍቅር ቴአትር መድረክ እዚሁ ፒያሳ አለ። ያን ክረምት ከአስተርጓሚው፣ ከቴሌግራፍ ሠራተኛውና ከሆቴል አስተናጋጇ ወገን ሆናችሁ ጻፉት። ፍቅሩንም፣ ሳቁንም፣ ውሸቱንም እነሱ ያውቁታል። ጻፉትና እዚያ መድረክ ላይ አሳዩን።