የሕንፃ ብድርና የጎርፍ መድን፦ ውሉ ከመፈረሙ በፊት

በሰንጋ ተራ ለሰበካ ጉባኤ አባላትና ለሕንፃ አሠሪ ኮሚቴዎች የቀረበ ንግግር



የተሰበሰብንበት ሰንጋ ተራ፣ ስሙ እንደሚመሰክረው፣ ቀድሞ የሰንጋ ገበያ ነበር። ዛሬ የባንኮችና የመድን ድርጅቶች ረጃጅም ሕንፃዎች ቆመውበታል። በአንዱ ሕንፃ የብድር ውል ይፈረማል፤ በሌላው የመድን ውል። ተበዳሪው ግን ብዙ ጊዜ ሁለቱን ውሎች ጎን ለጎን አስቀምጦ አያነብባቸውም። የዛሬው ንግግራችንም ስለዚሁ ነው።

ለኪራይ የሚሆን ሕንፃ የሚያሠራ ደብር ከኪራዩ የካህናትን ደመወዝ፣ የአብነት ተማሪዎችን ቀለብና የአረጋውያንን መጦሪያ ይጠብቃል። ሕንፃው በብድር ተሠርቶ ጉዳት ቢደርስበት የሚጎድለው ግንቡ ብቻ ሳይሆን የእነዚህ ሁሉ የዕለት እንጀራ ነው።

አበዳሪ ባንክ በመያዣነት የያዘው ሕንፃ መድን እንዲገባለትና ካሣው በቅድሚያ ለባንኩ እንዲከፈል በውሉ ማስገባቱ የተለመደ ነው። ያበደረው ገንዘብ የአስቀማጮች ነውና ተገቢ ነው። ሆኖም ባንኩ የጠየቀውን መድን መግባት ከአደጋ ሁሉ መጠበቅ ማለት አይደለም። መሠረታዊው የእሳት መድን በዋናነት የሚሸፍነው እሳትንና መብረቅን ነው። ጎርፍ ተጨማሪ አረቦን ተከፍሎበት የሚታከል ሽፋን ነው፤ በውሉ ላይ ተለይቶ ካልተጻፈ እንዳለ ሊቆጠር አይገባም።

ጎርፍ ለከተሞቻችን እንግዳ አይደለም። በ1998 ዓ.ም. በሐምሌ ወር መጨረሻ የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ድሬዳዋን ሲያጥለቀልቅ ከ200 በላይ ሰዎች ሞተዋል፤ ቤትና ንብረትም ተጠርጎ ሄዷል። በአዲስ አበባም በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ድንገተኛ ጎርፍ የ7 ሰዎችን ሕይወት ቀጥፏል። ከእንጦጦ ተዳፋት የሚወርደው ውኃ ቀድሞ ሣርና አፈር ይቀበለው ነበር፤ ዛሬ ግን አስፋልትና ጣሪያ ላይ ወርዶ ወደ ተደፈኑ የፍሳሽ ቦዮች ይሮጣል። ስለዚህ ከወንዝ ርቆ የተሠራ ሕንፃም ከስጋት ነጻ አይደለም። ከመሬት በታች ባለው ወለል የኤሌክትሪክ መቆጣጠሪያ፣ ጄኔሬተርና የተከራዮች ዕቃ ያለበት ሕንፃ፣ ግድግዳው ሳይነቃነቅ በአንድ ምሽት ዝናብ ሥራው ሊቆም ይችላል።

በሌላው ዓለም ይህን ጉዳይ በሕግ የወሰኑ አሉ። አሜሪካ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1973 ባወጣችው ሕግ መሠረት፣ በጎርፍ ስጋት ካርታ ላይ በተከለለ ቀጣና የሚገኝ ሕንፃ በመያዣነት ሲቀርብ፣ ባንክ ያለ ጎርፍ መድን ብድር ሊሰጥ አይችልም። መድኑ ቢቋረጥ ባንኩ ለተበዳሪው ያስታውቃል፤ በ45 ቀን ውስጥ ካልታደሰ ራሱ መድን ገብቶ ወጪውን በተበዳሪው ላይ ይጥላል። በአገራችን ግን ግዴታው በአብዛኛው የሚመነጨው ከብድር ውሉ ነው። ስለዚህ ባንኩ ስለ ጎርፍ ዝም ቢል እንኳ ተበዳሪው ዝም ማለት የለበትም።

ለምን ቢሉ፣ ጎርፍ ሕንፃውን ቢያበላሽ ዕዳው አብሮ አይታጠብም። ወርኀዊ ክፍያው ይቀጥላል፤ ተከራይ ግን የለም። ክፍያው ሲቋረጥ ደግሞ፣ በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት፣ በውሉ ይህ ሥልጣን የተሰጠው ባንክ ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መያዣውን ያለ ፍርድ ቤት ውሳኔ በሐራጅ ሊሸጥ ይችላል። በጎርፍ የተጎዳ ሕንፃ ደግሞ በሐራጅ ምን ያህል እንደሚያወጣ መገመት አያስቸግርም።

ሌላው ልብ ሊባል የሚገባው የመድኑ መጠን ነው። ብዙዎች ሕንፃውን መድን የሚያስገቡት በብድሩ ልክ ነው። ይህ ባንኩን እንጂ ባለቤቱን አይጠብቅም። ለምሳሌ 20 ሚሊዮን ብር የሚያወጣ ሕንፃ በ10 ሚሊዮን ብር ብቻ መድን ቢገባለትና ጎርፍ የ4 ሚሊዮን ብር ጉዳት ቢያደርስ፣ በተመጣጣኝነት ደንብ የሚከፈለው 2 ሚሊዮን ብር ነው። መድን ገቢው ግማሹን አደጋ ለራሱ እንደያዘ ይቆጠራልና። የግንባታ ዋጋ በየዓመቱ በሚንርበት በዚህ ዘመን፣ ከአምስት ዓመት በፊት የተጻፈ ግምት ዛሬ ግማሽ ሽፋን ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት አራት ነገሮችን ጠይቁ እንላለን። አንደኛ፣ «ጎርፍ» የሚለው ቃል በመድን ውሉ በግልጽ ተጽፏልን? ከመሬት በታች ያለው ወለልስ ተካቷልን? ሁለተኛ፣ የመድኑ መጠን ሕንፃውን ዛሬ መልሶ ለመሥራት ከሚጠይቀው ወጪ ጋር ይመጣጠናልን? ሦስተኛ፣ ሕንፃው በሚጠገንበት ጊዜ የሚቋረጠው ኪራይ ተሸፍኗልን? ዕዳውን የሚከፍለው ኪራዩ ነውና። አራተኛ፣ ከማንኛውም ካሣ ላይ መድን ገቢው ራሱ የሚችለው ድርሻ ስንት ነው? ተከራዮችም ዕቃቸውን በየራሳቸው መድን እንዲያስገቡ በኪራይ ውሉ አስፍሩ፤ የሕንፃው መድን የነጋዴውን ዕቃ አይሸፍንም።

መድን ጎርፍን አያስቀርም። ቦዩን ከክረምት በፊት ማስጠረግ፣ የኤሌክትሪክ መቆጣጠሪያውን ከፍ አድርጎ መትከልና ከወንዝ ዳር መራቅ ሁልጊዜም ይቀድማሉ። የአረቦን ክፍያ በየዓመቱ ከባድ መስሎ ሊታይ ይችላል። ይሁን እንጂ ሕንፃው የምእመናን ሳንቲም ተጠራቅሞ የቆመ አደራ ነው፤ አደራ ተቀባይም የሚጠየቀው በማሠራቱ ብቻ ሳይሆን በመጠበቁም ነው። እንግዲህ ወደየደብራችሁ ስትመለሱ ከመዝገብ ቤት የመድን ውላችሁን አውጥታችሁ፣ ክረምቱ ሳይገባ እንድታነብቡት በአክብሮት እንጠይቃለን።

እግዚአብሔር የሥራችሁን ፍሬ ይባርክ።