ስለ ባልንጀርነትና ስለ አዲሱ የካርታ ጨዋታ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተነገረ)



በዚህ የበዓል ቀን ስለ ጨዋታ ለመናገር መነሣታችን ቀልድ እንዳይመስልባችሁ እንለምናለን። ሰው ከማን ጋር እንደሚውል ከሚያሳዩት ነገሮች አንዱ ጨዋታው ነውና።

የዛሬ አራት ዓመት ዘጠነኛ ክፍል ስንገባ እርስ በርሳችን አንተዋወቅም ነበር። ገሚሳችን የአሰላ ልጆች ነን፤ ገሚሳችን ከሳጉሬ፥ ከኢተያና በጭላሎ ግርጌ ካለው የገብስ አገር የመጣን ነን። ያቀራረበን ትምህርቱ ብቻ አይደለም፤ በመጀመሪያ በቆርኪ የምንጫወተው ዳማ፥ ቀጥሎም ኮንከር የተባለው የካርታ ጨዋታ ነው። በኮንከር ተራ መጠበቅ ግዴታ ነው። አንዱ ካርታውን ይዞ ሲያሰላስል ሌላው ሥራ ይፈታና «አባትህ ተሻላቸው ወይ?» ብሎ ጓደኛውን ይጠይቃል። ብዙውን የቤታችንን ጉዳይ የተነጋገርነው ተራ ስንጠብቅ ነው።

ከጥቂት ጊዜ ወዲህ ግን ካርታው ወደ ስልክ ገባ። አሁን በመካከላችን የተወደደው ባላትሮ የሚባለው ነው። ይህን ጨዋታ አንድ የካናዳ ሰው እውነተኛ ስሙን ሳይገልጥ፥ ሎካልተንክ በሚል መጠሪያ እ.ኤ.አ. በ2024 አወጣው። ተጫዋቹ በ52 ካርታ ይጀምራል፤ ጥንድ፥ ሦስት አንድ ዓይነት ወይም ተከታታይ ቁጥር እያሰባሰበ ነጥብ ያገኛል። 150 ዓይነት ጆከሮች አሉ፤ አንዱ ነጥቡን ይጨምርለታል፥ ሌላው ያባዛለታል። የተወሰነውን ነጥብ ካልሞላ ጨዋታው ፈርሶ ከመጀመሪያው ይነሣል። ሒሳብ የሚወድ ተማሪ በዚህ ምን ያህል ደስ እንደሚለው መምህራኖቻችን ሊገምቱ ይችላሉ።

ወላጆቻችን፥ «ካርታ ቁማር ነው» ብላችሁ እንደምትሰጉ እናውቃለን፤ በሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማርነውም ይህንኑ ምክር እየሰማን አድገናል። ስጋቱ ከንቱ አይደለም። ባላትሮ ግን ገንዘብ አያስይዝም። በአውሮፓ ጨዋታዎች ለየትኛው ዕድሜ እንደሚገቡ የሚወስነው ድርጅት በ2024 ለ18 ዓመትና ከዚያ በላይ ብቻ ብሎት ነበር፤ በ2025 ይግባኙን ተመልክቶ ወደ 12 ዓመት ዝቅ አደረገው።

እኛን የሚያሳስበን ሌላ ነገር ነው። ይህ ጨዋታ ማንንም አያስጠብቅም። እ.ኤ.አ. በ1990 ከዊንዶውስ ጋር የወጣው ሶሊቴርም እንዲሁ ነበር፤ ስሙ ራሱ «ብቸኛ» ማለት ነው። ብቻውን የሚጫወት ሰው ተራ የለውም፤ ተራ ከሌለም የባልንጀራውን ፊት የሚያይበት ጊዜ የለውም። በዚህ ዓመት አንዱ ጓደኛችን ትምህርቱን ትቶ ወደ አባቱ እርሻ መመለሱን የሰማነው ከእርሱ ሳይሆን ከሌላ ሰው ነው። የኮንከር ጊዜ ቢሆን ኖሮ ገና ሲያስበው በነገረን ነበር።

ይህም የከበደን አብረን የምንቆይበት ጊዜ ስላጠረ ነው። የ12ኛ ክፍልን አገር አቀፍ ፈተና በ2014 ዓ.ም. ከወሰዱት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ሆኑ። እንግዲህ ጥቂቶቻችን ዩኒቨርሲቲ እንገባለን፤ የቀረነው ሌላ መንገድ እንይዛለን። ያለፈው ካላለፈው ጋር እንደ ቀድሞው መነጋገር ይከብደዋል። ያን ጊዜ ስልኩ ለሁለቱም መሸሸጊያ እንዳይሆን እንፈራለን።

ስለዚህ ጨዋታውን ጣሉት አንልም፤ እኛም አልጣልነውም። ከፋሲካ ወዲህ አንድ ስልክ በመካከላችን አስቀምጠን፥ ተራ እየተቀባበልን መጫወት ጀምረናል። አንዱ የተሳሳተ ካርታ ሲነካ ሌሎቹ ይጮኻሉ። ያ ጓደኛችንም ገብስ ይዞ ለገበያ ወደ ከተማ ሲመጣ ተራ ይሰጠዋል፤ ስለ አዝመራውም እንጠይቀዋለን።

ወላጆቻችን ሆይ፥ ስልኩን ከመንጠቃችሁ በፊት ልጃችሁን «ከማን ጋር ትጫወታለህ?» ብላችሁ ጠይቁት። ታናናሾቻችንም፥ የምትወዱት ጨዋታ ምንም ይሁን፥ ለሌላው ሰው ተራ አትንፈጉት።