የእንጀራ መጠንከርና የስታርች ቅርንጫፎች እንቅስቃሴ



ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት በደብረ ማርቆስ፣ የተጋገረ እንጀራ በሦስተኛው ቀን ሲጠቀለል ይሰነጠቃል። ባለሙያዋ «ደረቀ» ትላለች። ነገር ግን በመሶብ በሚገባ ተከድኖ ውሃው ያልተነነውም ይጠነክራል።

ለዚህ በአመዛኙ ተጠያቂው አሚሎፔክቲን የተባለው የስታርች ክፍል ነው። ይህ እንደ ዋርካ የተንሰራፋ ባለቅርንጫፍ ፖሊመር ነው። በምጣዱ ሙቀት የተፈቱት ቅርንጫፎች ሲቀዘቅዙ ተመልሰው እየተጣመሩ ይረጋሉ። ቅርንጫፍ አልባው አሚሎስ በሰዓታት ሲረጋ፣ አሚሎፔክቲን ቀናት ይፈጅበታል፤ የደጋው ሌሊት ቅዝቃዜም ያፋጥነዋል።

ነገሩን ናሙናው ሳይበላሽ ለመከታተል የሚያስችለው፣ ብሎክና ፐርሰል በ1946 እ.ኤ.አ. ይፋ ያደረጉት የኑክሌር ማግኔታዊ ሬዞናንስ ነው። በማግኔት መካከል የተቀመጠ ናሙና በሬዲዮ ሞገድ ሲመታ የሃይድሮጂን አስኳሎች ምልክት ይሰጣሉ። ከረጋው ሞለኪውል የሚመጣው ምልክት በማይክሮሰከንዶች ይጠፋል፤ እንደልቡ ከሚንቀሳቀሰው የሚመጣው ግን ሚሊሰከንዶችና ከዚያም በላይ ይቆያል። ስለሆነም የውሃው ማነስና የቅርንጫፎቹ መርጋት ተለያይተው ይታያሉ። ለዚህ ሥራ ግዙፍ መሣሪያ አያሻም፤ የምግብ ፋብሪካዎች እርጥበትና ቅባት የሚለኩበት፣ በጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው ዓይነት ይበቃል።

ገረመው ቡልቶሳና ባልደረቦቹ ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባወጧቸው ጥናቶች የጤፍ ስታርች ቀስ ብሎ የሚረጋ መሆኑን አመልክተዋል። ጤፍ ሲወደድ በቆሎ የሚቀላቅል ቤተሰብ የሚያጣው አንዱ ነገር ይኸው ለስላሳነት ነው፤ በምን ያህል መጠን ቢቀላቀል ይሻላል የሚለውም በመለካት እንጂ በግምት ሊወሰን አይገባም።

መሣሪያው በሌለበት አንድ ቀላል ፈተና አለ። የጠነከረው እንጀራ ውሃ ሳይጨመርበት ተከድኖ ሲሞቅ ከለሰለሰ፣ 60 ዲግሪ ገደማ ላይ የተጣመሩት ቅርንጫፎች ተፈትተዋል ማለት ነው፤ ካልለሰለሰ ግን የጎደለው ውሃ ነው።