ግሪክን በክረምት ንባብ ስለ መጐብኘት

ለገጠር ትምህርት ቤት መምህራንና ለአገር ሽማግሌዎች የተነገረ



ክረምት በገባ ጊዜ አንገረብና መገጭ ይሞላሉ፤ የወገራ ደጋ በጉም ይሸፈናል፤ ትምህርት ቤትም ይዘጋል። ገበሬው ከእርሻውና ከአረሙ ጋራ ሲታገል መምህሩ እስከ መስከረም ድረስ ከተማሪዎቹ ተለይቶ ይቀመጣል። ይህን ጊዜ በእንቅልፍና በወሬ የጨረሰ መምህር በሰኔ ያወቀውን ብቻ ይዞ በመስከረም ይመለሳል። ከጎንደር አራዳ አንድ መጽሐፍና አንድ ደብተር ገዝቶ ወደ መንደሩ የገባ መምህር ግን፥ ወንዝ ሳይሻገር ከሩቅ አገር ደርሶ ሊመለስ ይችላል። ይህ ንግግር ስለ አንዱ ሩቅ አገር፥ ስለ ግሪክ ነው።

በዚህ ነገር ላይ ሁለት ተቃውሞ ይነሣል። መምህሩ፥ «ግሪክ ሩቅ ነው፤ እኛን ምን አገናኘን?» ይላል። ሽማግሌው ደግሞ፥ «የአረማውያን ተረት ልጆቻችንን ከሃይማኖት ያወጣል» ይላል። ሁለቱም የሚናገሩት ከቅን ልብ ስለ ሆነ ለሁለቱም መልስ መስጠት ይገባል።

ግሪክ ሩቅ ነው የሚለው መምህር አስቀድሞ በሰሌዳው ላይ የሚጽፈውን ቍጥር ይመልከት። ከ፩ ጀምሮ እስከ ፻ ድረስ ያሉት የግእዝ አኃዞች የተገኙት ከግሪክ ፊደላት ነው። ግሪኮች በፊደላቸው ይቈጥሩ ነበርና፥ አልፋ ፩፥ ቤታ ፪፥ ጋማ ፫፥ ዴልታ ፬ ሆነ፤ ሮ የተባለውም ፊደላቸው ፻ ሆነ። ከሆሄያችንም ጰ እና ፐ የተጨመሩት እንደ ጴጥሮስና ጳውሎስ ያለውን ከግሪክ የመጣ ስም ለመጻፍ ነው። ወንጌል፥ ጳጳስ፥ ዲያቆን፥ መነኵሴ፥ ሲኖዶስ፥ ፈላስፋ የምንላቸውም ቃላት ሥራቸው ግሪክ ነው። እንግዲህ ልጁ ፊደል ሲቈጥርና አኃዝ ሲማር ሳያውቀው ከግሪክ ደጅ ቆሟል።

ይህም በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። በ1ኛው መቶ ዓመት ከግብፅ ተነሥቶ በኤርትራ ባሕር የነገደ አንድ ጸሓፊ፥ በዚህ ዳርቻ የነበረው ገዥ ዞስካሌስ የግሪክን ጽሕፈት የሚያውቅ ሰው እንደ ነበር ጽፏል። በ3ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የአክሱም ንጉሥ እንዱቢስ ገንዘብ ሲያሠራ ስሙን በግሪክ ፊደል አስቀረጸ። በ4ኛው መቶ ዓመት ንጉሥ ዒዛና ድሉን በግእዝ፥ በሳባና በግሪክ በድንጋይ ላይ አስጻፈ፤ ድንጋዩም እስከ ዛሬ በአክሱም ቆሞ ይታያል። በ6ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ኮስማስ የሚባል ነጋዴ አዱሊስ በደረሰ ጊዜ፥ በዚያ የነበረውን የግሪክ ጽሕፈት ለንጉሥ ካሌብ ገልብጦ እንዲሰጥ ተጠይቆ ገለበጠው። መጻሕፍተ ብሉይና ሐዲስም በአክሱም ዘመን ወደ ግእዝ የተመለሱት ከግሪክ ነው። ሽማግሌዎች የሚያውቁት ቄርሎስ፥ የአራዊትንም ጠባይ ከሃይማኖት ምሥጢር ጋራ የሚተርከው ፊሳልጎስ እንዲሁ ከግሪክ ተተረጐሙ። ስለ ሶቅራጥስ፥ ስለ አፍላጦንና ስለ አርስጣጣሊስ የሚናገረው መጽሐፈ ፈላስፋ ደግሞ በ16ኛው መቶ ዓመት ከዐረብኛ ወደ ግእዝ ተመለሰ። የግሪክ ጥበብ አንድ ጊዜ በቀጥታ በባሕር፥ አንድ ጊዜ ደግሞ በዐረብ በኩል ዞሮ ወደ አገራችን ገብቷል።

የሽማግሌውን ፍርሀት የሚመልስ ምስክር ከቤተ ክርስቲያን መካከል ይገኛል። ከቅዳሴዎቻችን አንዱ በስሙ የሚጠራው ቅዱስ ባስልዮስ በ4ኛው መቶ ዓመት በአቴና ከተማ የተማረ ነው፤ ጓደኛውም ጎርጎርዮስ ነባቤ መለኮት ነበር። ባስልዮስ ኋላ ለወጣቶች በጻፈው ምክር የግሪክን መጻሕፍት ፈጽማችሁ ጣሉ አላለም፤ ሁሉንም ሳትመርጡ ዋጡም አላለም። ንብ ወደ አበባ ሁሉ እኩል እንደማትሄድ፥ ካረፈችበትም አበባ ለሥራዋ የሚሆነውን ብቻ ወስዳ ሌላውን እንደምትተው፥ አንባቢም እንዲሁ ያድርግ አለ። ማር ለሚቈርጥ የደጋ ሰው ይህ ምሳሌ ትርጓሜ አያሻውም። ሃይማኖቱን አውቆ የሚያነብ ሰው ስለ ጣዖታቱ የተነገረውን እንደ ታሪክ ያልፈዋል፤ ስለ ሰው ልብ የተነገረውን ግን ያተርፋል።

ለዚህ ሆሜር ይበቃል። የሆሜር ሁለቱ መጻሕፍት ኢሊያድና ኦዲሴይ ይባላሉ። በሁለቱም ውስጥ ኢትዮጵያውያን አማልክት ለግብዣ የሚሄዱባቸው ንጹሓን ሰዎች ሆነው ይነሣሉ። ነገር ግን በዚህ ከመጠን በላይ መመካት አይገባም፤ የጥንት ግሪኮች ኢትዮጵያ የሚሉት ከግብፅ በስተ ደቡብ ያለውን የጥቍር ሕዝብ አገር ሁሉ ነበርና። በሆሜር የምንደሰትበት ምክንያት ስማችን ስለ ተጠራ ብቻ ሳይሆን ጠባያችንን ስለምናገኝበት ነው። በኦዲሴይ ውስጥ መንገደኛ ከቤት ሲደርስ አስቀድሞ እጁን ይታጠባል፥ ይበላል፥ ይጠጣል፤ ማን እንደ ሆነና ከወዴት እንደ መጣ የሚጠየቀው ከዚያ በኋላ ነው። «የእግዜር እንግዳ ነኝ» ብሎ ከደጅ የቆመውን ሰው ስሙን ሳይጠይቅ እግሩን ያጠበ የወገራ ባላገር፥ ይህን በሰማ ጊዜ የገዛ ቤቱን ያያል።

ከዚህም የሚበልጥ አለ። በኢሊያድ መጨረሻ አኪሌስ የሚባለው ጀግና ስለ ወዳጁ ደም ሄክቶርን ገደለ፤ ሬሳውንም ከሠረገላው ኋላ አስሮ ጐተተ። የሄክቶር አባት ሽማግሌው ንጉሥ ፕሪያም የልጁን ሬሳ ለመቤዠት በሌሊት ወደ ጠላት ሰፈር ገባ፤ ከአኪሌስም ጕልበት ላይ ወድቆ ልጆቹን የገደሉትን እጆች ሳመ። «አባትህን አስብ» ብሎ በለመነው ጊዜ ሁለቱም አለቀሱ፤ አብረውም እህል ቀመሱ። አኪሌስም ሬሳውን ሰጠው፤ እስኪቀበር ድረስም ጦሩን ሊያቆም ቃል ገባለት።

ለደም ዕርቅ በሁለት ወገን መካከል የተመላለሰ የአገር ሽማግሌ ይህን ታሪክ ከማንም ይልቅ ያስተውለዋል። በእኛ አገር ድንጋይ ተሸክሞ ከሟች ዘመድ እግር የሚወድቀው ገዳይ ነው፤ በሆሜር ግን ከገዳዩ ጕልበት የወደቀው የሟች አባት ነው። በእኛ ዘንድ ዕርቁ በካህን መስቀልና በመሐላ ይጸናል፥ ደምም ይደርቃል፤ በዚያ ግን ለቅሶው ካለፈ በኋላ ጦርነቱ ተመለሰ። ምን ጐደለ? አስታራቂ ጐደለ። ይህን ልዩነት መምህሩ ከመጽሐፍ ብቻ አያገኘውም፤ ሽማግሌው ሊነግረው ይገባል። ሽማግሌውም መምህሩ ካላነበበለት ታሪኩን አይሰማም።

ዋናው ጕዳይ ይህ ነው። በአንድ መንደር ውስጥ አንዱ ትምህርት ለሁለት ተከፍሎ ተቀምጧል። መምህሩ የሆሜርንና የሶቅራጥስን ስም ከትምህርት ቤት ያውቃል፤ ፊሳልጎስንና መጽሐፈ ፈላስፋን ግን አይቶ አያውቅም። ሊቁ እነዚህን በግእዝ ያነበበ ነው፤ ነገር ግን ስለ ግሪክ የሚጠይቀው ሰው የለም። ሁለቱ በመንገድ ሲገናኙ ሰላምታ ሰጥተው ይተላለፋሉ። ልጁም በመካከል ቆሞ፥ የዘመኑ ትምህርት የባዕድ ብቻ፥ የአባቶቹም ትምህርት ያለፈ ብቻ ይመስለዋል። አንዱን ይዞ ሌላውን ይንቃል፤ የናቀውን ደግሞ አይጠብቀውም።

ስለዚህ በክረምት እንዲህ ቢደረግ ይጠቅማል። መምህሩ በሳምንት አንድ ቀን፥ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቢሆን፥ ከሽማግሌዎችና ከሊቁ ጋራ ይቀመጥ። ያነበበውን አንድ ታሪክ በአማርኛ ይተርክላቸው፤ ይህን የሚመስል ወይም ይህን የሚቃወም ነገር በአገራቸው እንዳለ ይጠይቃቸው። ከደብተሩ ገጽ በስተ ግራ የግሪኩን፥ በስተ ቀኝ የአገሩን ይጻፍ፤ የተናገረውን ሰው ስም፥ ቦታውንና ቀኑንም አይርሳ። የሽማግሌውን ቃል እንደ ተናገረው ይጻፈው እንጂ አያሳምረው። የብራና መጽሐፍ ማየት ቢያስፈልግ የደብሩን አለቃ አስፈቅዶ በዚያው በቤተ ክርስቲያን ይመልከት፤ በዝናብ ጊዜ መጽሐፍ ከማኅደሩ አውጥቶ በመንገድ መውሰድ አይገባም። በመስከረም ደብተሩን ለተማሪዎቹ ያንብብላቸው፤ ከዚያም በትምህርት ቤቱ ሣጥን ያስቀምጠው።

እንዲህ ያደረገ መምህር አቴናን በዓይኑ ባያይ አይቈጭም፤ የአቴና ሰው ያላየውን የዕርቅ ሸንጎ አይቷልና። ሽማግሌውም ዕውቀቱ የሚጠየቅ ሆኖ ሲያገኘው ደስ ይለዋል። ነገር ግን ለነገ ማለት አይገባም። ክረምት በየዓመቱ ይመለሳል፤ በዚህ ክረምት ከምድጃው አጠገብ የተቀመጠው ሽማግሌ ግን ለሚመጣው ክረምት መገኘቱን እግዚአብሔር ብቻ ያውቃል።