ከሄሊኮፕተር ወርደው እሳት ስለሚያጠፉ ወጣቶች

(በአሜሪካ ለሚገኙ የደጋፊ አጥቢያዎች ተወካዮችና ለፕሮጀክት ሠራተኞች ከተደረገ ንግግር)



ከአጥቢያዎቻችሁ ከሚደርሱን ጥያቄዎች መካከል አንዱ ከተለመደው ወጣ ያለ ነው። በዚህ አገር የተወለዱ ወይም በልጅነታቸው የመጡ ወጣቶች፣ በምዕራብ ግዛቶች ሰደድ እሳት በሚነሣባቸው ወራት በሄሊኮፕተር ከሚጓጓዙት የእሳት አጥፊ ቡድኖች ጋር ተቀጥረው መሥራት እንደሚፈልጉ ገልጸው ምክር ጠይቀውናል። ወላጆቻቸው ደግሞ በበኩላቸው «እባካችሁ ልጄን ከዚህ ሐሳብ መልሱልኝ» ብለውናል። ለሁለቱም ወገን በአንድ ላይ ለመመለስ ይህን አዘጋጅተናል። የርዳታ ድርጅት ስለ እሳት ማጥፋት ምን አገባው የሚል ቢኖር ጥቂት ይታገሠን፤ እንደርስበታለን።

በቅድሚያ ስለ ሥራው። አሜሪካኖች ይህን ቡድን «ሄሊታክ» ይሉታል። ወጣቱ ሥራውን ሲያስብ የሚታየው ከሰማይ ውኃ የሚያፈስሰው ሄሊኮፕተር ነው። እርግጥ በገመድ በተንጠለጠለ ባልዲ ውኃ ይጭናል፤ በትንሹ መደብ ያለው እንኳ ቢያንስ 100 ጋሎን፣ ማለት 380 ሊትር ያህል መሸከም ይጠበቅበታል። ነገር ግን ውኃው የእሳቱን ግለት ያበርዳል እንጂ እሳቱን አይጨርሰውም። በግንድ ሥርና በቅጠል ብስባሽ ውስጥ የተደበቀው ፍም ፀሐይና ነፋስ ሲበረታ እንደገና ይነሣል። የሚጨርሰው ከሄሊኮፕተሩ የወረደው ሰው ነው። ሣሩን፣ ቁጥቋጦውንና ሥሩን መንጥሮ፣ እሳቱ የሚበላው እንዳያገኝ እስከ ባዶ አፈር ድረስ መስመር ይቆፍራል። እሳቱ ከበረደ በኋላም ጓንቱን አውልቆ አመዱን በእጁ እየዳሰሰ ትኩሳት የቀረበትን ስፍራ ይፈልጋል። አቧራ፣ ጭስና ጎንበስ ቀና ማለት ነው። ይህን ለገበሬ ልጅ መንገር አያስፈልግም፤ በከተማ ላደገው ግን አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል።

ዋናው መሣሪያቸው ፑላስኪ ይባላል። በአንድ እጀታ ላይ በአንዱ ወገን መጥረቢያ፣ በሌላው ወገን እንደ ዶማ ያለ መቆፈሪያ ነው። ስሙ የመጣው ከደን ጠባቂው ከኤድ ፑላስኪ ነው። በ1910 እ.ኤ.አ. ነሐሴ ወር በአይዳሆና በሞንታና 3 ሚሊዮን ኤከር ያህል ደን በሁለት ቀን ውስጥ በተቃጠለ ጊዜ፣ ይህ ሰው አብዛኞቹን ሠራተኞቹን በማዕድን ዋሻ ውስጥ አስገብቶ ከሞት አትርፏል።

ታዲያ ሄሊኮፕተሩ ለምን አስፈለገ ትሉ ይሆናል። መብረቅ መንገድ በሌለበት ተራራ ላይ ይወድቅና ትንሽ እሳት ያስነሣል። በእግር ቢሄዱ ቀኑ ይመሻል፤ እሳቱም ያድጋል። በሄሊኮፕተር ግን ጥቂት ሰዎች በደቂቃዎች ውስጥ ይደርሱና ገና ትንሽ ሳለ ይይዙታል። ከዚያ ውጭ ለሌሎች ቡድኖች ውኃና ስንቅ በመረብ አሥረው ይልካሉ፤ የተጎዳ ሰው ያወጣሉ፤ ሄሊኮፕተር የሚያርፍበትን ቦታ ይመነጥራሉ።

ወደዚህ ሥራ የሚገባው ሰው 18 ዓመት የሞላው መሆን አለበት። ለፌዴራሉ የደን አገልግሎት ለመቀጠር የአሜሪካ ዜግነት ይጠየቃል፤ በኮንትራት የሚሠሩ የግል ድርጅቶች ግን ሕጋዊ የሥራ ፈቃድ ያለውን ሊቀበሉ ይችላሉ። አብዛኞቹ የሄሊኮፕተር ቡድኖች አንድ ወይም ሁለት የእሳት ወራት በእግረኛ ቡድን ወይም በእሳት መኪና ላይ የሠራ ሰው ይመርጣሉ፤ ጀማሪ የሚወስዱም አይጠፉም። ፈተናው ቀላል ይመስላል፦ 45 ፓውንድ፣ ማለት 20 ኪሎ ከሚበልጥ ሸክም ጋር 3 ማይል በሜዳ ላይ በ45 ደቂቃ መራመድ ነው። መሮጥ አይፈቀድም። ሳይለማመድ የመጣ ግን ከሁለተኛው ማይል በኋላ ቀላል እንዳልሆነ ይገባዋል። ከዚያ ስለ እሳት ጠባይና ስለ ሥራው ሥርዓት ትምህርት ይሰጣል፤ እሳት ቢከብበው የሚገባበትን ትንሽ መጠለያ በፍጥነት መዘርጋትም ይለማመዳል። ለሄሊኮፕተር አባልነት ደግሞ ሌላ ተጨማሪ ትምህርት አለ።

በዚህ ትምህርት ውስጥ ለፕሮጀክት ሠራተኞቻችን በተለይ የምናመለክተው ስለ ክብደት ያለውን ነው። እያንዳንዱ ሰው ከነመሣሪያው ይመዘናል፤ ስሙና ክብደቱ ይጻፋል። ቀኑ ሲሞቅና ተራራው ከፍ ሲል አየሩ ስለሚሳሳ ሄሊኮፕተሩ ማንሣት የሚችለው ይቀንሳል። ስለዚህ በጠዋት የተቻለው ጭነት ከሰዓት በኋላ ላይቻል ይችላል። «በግምት ይበቃል» የሚል ቃል የለም። ርዳታ እህል በግምት የሚጭን መጋዘን ጠባቂ ይህን ቢያይ መልካም ነበር! እንዲሁም ወደ ሄሊኮፕተሩ ሲቀርቡ አብራሪው በሚያያቸው በኩል፣ ጎንበስ ብለው፣ መሣሪያውን ከወገብ በታች አግድም ይዘው ነው። በተዳፋት ላይ ካረፈ ከቁልቁለቱ በኩል እንጂ ከዳገቱ በኩል አይቀርቡትም፤ በዳገቱ በኩል የሚሽከረከረው ክንፍ ለመሬት ቅርብ ነውና። ወደ ጭራው ፈጽሞ አይኬድም።

አሁን ወላጆች ወደሚፈሩት እንምጣ። ፍርሃታቸው ከንቱ አይደለም፤ እኛም አናቃልለውም። በ1994 እ.ኤ.አ. ሐምሌ 6 ቀን በኮሎራዶ ግዛት በስቶርም ኪንግ ተራራ ላይ ነፋሱ በድንገት በርትቶ 14 እሳት አጥፊዎች ሞቱ፤ ከእነርሱም 2ቱ የሄሊኮፕተር ቡድን አባላት ነበሩ። በ2003 እ.ኤ.አ. ሐምሌ ወር በአይዳሆ፣ ክሬመር በተባለው እሳት፣ 2 የሄሊኮፕተር ቡድን አባላት ማረፊያ ለመመንጠር በገመድ ከወረዱ በኋላ እሳቱ ከሥር መጥቶ ደረሰባቸው። ሁለቱም አልተረፉም።

ከእንደዚህ ካለው ኀዘን የተነሣ ዛሬ ማንም ሥራ ሳይጀምር አራት ነገር ይጠይቃል፦ እሳቱን የሚጠብቅልን ማን ነው? መገናኛችን ይሠራል? የማምለጫ መንገዳችን የቱ ነው? የምንሸሽበት አስተማማኝ ስፍራ የት ነው? ይህን አራት ጥያቄ በ1991 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ፖል ግሊሰን የተባለ የረጅም ጊዜ እሳት አጥፊ ነው። ከአራቱ አንዱ ከጎደለ፣ ወይም የታዘዘው ሥራ አደገኛ ሆኖ ከታየው፣ ሠራተኛው ምክንያቱንና የተሻለ ያለውን መንገድ ተናግሮ ትእዛዙን አልቀበልም የማለት መብት አለው። ይህ በሥራው መመሪያ ውስጥ ተጽፎ ይገኛል።

ወገኖቻችን ሆይ፤ በእኛ አስተሳሰብ ከሄሊኮፕተሩም ከእሳቱም ይልቅ ለልጆቻችን የሚከብዳቸው ይህ ነው። ታላቅ ሲናገር አንገት ደፍቶ መስማትን አስተምረናቸዋል። መልካም ነው፤ አንጸጸትበትም። ነገር ግን ጭሱ ወደ ማምለጫው መንገድ ሲዞር አይቶ «አለቃ ነው፣ እንዴት እናገራለሁ» ብሎ ዝም የሚል ልጅ ራሱንም ጓደኞቹንም ለአደጋ ይሰጣል። አባት ልጁን ወደዚህ ሥራ ሊሰናበተው ከወደደ፣ «በዚያ ስፍራ ያየኸውን ተናገር፤ ነውር አይደለም» ብሎ በአፉ ይንገረው። ከአባቱ ከሰማው ይቀልለዋል። ለሴት ልጆቻችንም እንዲሁ ነው፤ በእነዚህ ቡድኖች ውስጥ ሴቶች ይሠራሉ።

ስለ ሰንበት የጠየቁን አሉ። እሳቱ እሑድን አያውቅም። አንድ ቡድን ወደ እሳት ሲላክ መንገዱን ሳይጨምር እስከ 14 ቀን ሊቆይ ይችላል፤ በቀን እስከ 16 ሰዓት የሚሠራበት ጊዜ አለ፤ ብዙ ጊዜም ስልክ አይሰማም። እንግዲህ ልጁ አልደወለም ብሎ ቤተሰቡ እንዳይሸበር አጥቢያው አስቀድሞ ይዘጋጅ። የእሳቱ ወራት አልቆ፣ ደክሞና ሥራው ቆሞ ሲመለስ ደግሞ የሚጠይቀው ሰው ያስፈልገዋል። በዚያን ጊዜ «የት ጠፍተህ ነበር» ብሎ መገሠጽ አገልግሎት አይደለም።

የርዳታ ድርጅት ምን አገባው ላላችሁት፣ በአገራችን የሆነውን እናስታውሳችሁ። በ1992 ዓ.ም. በባሌና በቦረና ደኖች ለሳምንታት የቆየ እሳት ተነሥቶ ከውጭ አገር ባለሙያዎች እስኪመጡ አስፈልጎ ነበር። በ2011 ዓ.ም. የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሲቃጠል ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል የእሳት አጥፊ ባለሙያዎች መጡ። ከዚያ በፊትም ሆነ በዚያን ጊዜ ገደሉን የወጣው የአካባቢው ሕዝብ ነው። ያ ሕዝብ ጉልበትና ድፍረት አልጐደለውም። የጐደለው መሣሪያና ሥልጠና፣ እንዲሁም ነፋሱን ቆሞ የሚያይለት ጠባቂ ነው። እነዚህ ሦስቱ ደግሞ ያለ ሄሊኮፕተርም በአንድ ወረዳ ሊዘጋጁ ይችላሉ። ከልጆቻችን አንዱ ጥቂት ዓመት በዚህ ሥራ ቆይቶ የተማረውን ለፕሮጀክት ሠራተኞቻችን በአማርኛና በኦሮምኛ ቢያስተምር፣ ከብዙ የገንዘብ ስጦታ ይልቅ እንቆጥረዋለን።

ጌታ ግንብ ሊሠራ ስላሰበው ሰው የተናገረውን ምሳሌ ታውቁታላችሁ፤ ወጣቶቹም ወጪያቸውን ተቀምጠው ይቁጠሩ። የፌዴራሉ ማመልከቻ የሚከፈተው ከእሳቱ ወራት ብዙ ቀደም ብሎ፣ ብዙውን ጊዜ በመጸውና በብርድ ወራት ነው፤ በግንቦት የሚጠይቅ ሰው ዘግይቷል። የቆዳ ጫማውን አሁን ገዝቶ እግሩን ያለማምደው። ቦርሳውን በ20 ፓውንድ ጀምሮ በየሳምንቱ ጥቂት እየጨመረ ይራመድ። አጥቢያዎች ቅዳሜ ጠዋት ከጸሎት በኋላ ወጣቶቻቸውን በአንድነት ቢያስወጡ እንመክራለን። እናቶችና አባቶችም አብረው ቢራመዱ ደስ ይለናል፤ ሸክሙን ግን ለልጆቹ ይተዉላቸው።