ሥርዓቱ ሲነሣ ያልተጫነ ሞጁል
(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የዛሬው ንግግሬ ርእስ ጠባብ ነው። የሊኑክስ ከርነል በሚነሣበት ጊዜ መጫን የሚገባው ሞጁል ሳይጫን ቢቀር ጉድለቱ በምን መንገድ ይፈለጋል የሚል ነው። ነገሩን የመረጥሁት ስለ ጥቅሙ ብቻ ሳይሆን፣ አንድ ጊዜ የራሴ እጅ ስላለበት ጭምር ነው።

እንደሚታወቀው ከርነሉ የማሽኑን ዕቃ ሁሉ የሚያሠራውን ፕሮግራም በሆዱ ይዞ አይነሣም። አብዛኛው በሞጁል መልክ በዲስክ ላይ ተቀምጦ ይቆያል። አንድ ዕቃ ሲገኝ ከርነሉ የሠሪውንና የዓይነቱን ቁጥር ያስታውቃል፤ ዩዴቭ የተባለው አገልጋይ ፕሮግራምም ዴፕሞድ አስቀድሞ ካዘጋጀው መዝገብ ቁጥሩን ከሞጁሉ ስም ጋር አገናኝቶ ያስጭነዋል። መዝገቡም ሞጁሎቹም ለእያንዳንዱ የከርነል ዕትም በየራሱ ማኅደር የሚቀመጡ ስለ ሆነ፣ ለአንዱ ዕትም የተሠራው ለሌላው አይደርስም።

በ2014 ዓ.ም. ክረምት በአንድ የጤና ተቋም ሌሊት መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ሰርቨሩ ተነሣ፤ ኔትዎርኩ ግን አልተነሣም። ጠዋት የካርድ ክፍሉ ሠራተኞች የሕመምተኞችን መዝገብ ማግኘት ስላልቻሉ ወደ ወረቀት ተመለሱ፤ ሰልፉም ከበር ውጭ ወጣ። እኔም ኬብል ስፈትሽ፣ ስዊች ሳጠፋና ሳበራ አንድ ሰዓት ተኩል አለፈ። በመጀመሪያ ማድረግ የሚገባኝን ያደረግሁት ከዚያ በኋላ ነው።

ዩኔም በሚባለው ትእዛዝ ብመለከት፣ በሥራ ላይ ያለው ከርነል ከጠበቅሁት የተለየ ዕትም ሆኖ ተገኘ። አዲሱ ከርነል ከሳምንታት በፊት ተጭኖ ማሽኑ ጠፍቶ እስኪነሣ ይጠባበቅ ኖሯል፤ የመብራቱ መጥፋት ተራውን ሰጠው። ቀጥሎ ኤልኤስፒሲአይን ከ«ኬ» ምልክት ጋር ሳዝዝ፣ የኔትዎርክ ካርዱ ታየ፤ የሚስማማው ሞጁል መኖሩም ታየ፤ በሥራ ላይ ያለውን ሞጁል የሚናገረው መስመር ግን አልነበረም። በዲሜስግ መዝገብ ስለ ካርዱ አንድም የስሕተት ቃል የለም። ሞጁሉን በስሙ ጠርቼ በሞድፕሮብ ስጭነው ወዲያው ሠራ፤ የካርድ ክፍሉም ሥራውን ቀጠለ። ብዙዎቻችን እዚህ ላይ እናቆማለን። ማታ ማሽኑን እንደ ገና ባስነሣው ኔትዎርኩ ዳግመኛ ጠፋ።

በእጅ ሲጫን የሚሠራ፣ ሥርዓቱ ሲነሣ ግን ዝም የሚል ሞጁል ጥርጣሬን ወደ አንድ ቦታ ይመራል፤ ይኸውም በሞድፕሮብ የማዘዣ ፋይሎች ውስጥ ወደሚገኘው ብላክሊስት የሚል ቃል ነው። ይህ ቃል በዕቃው ቁጥር አማካይነት በራሱ የሚመጣውን ጭነት ይከለክላል እንጂ፣ ሞጁሉን በስሙ የሚጠራውን አይከለክልም፤ የስሕተት መልእክትም አያወጣም። ፋይሉን ስከፍት መስመሩን አገኘሁት። የጻፍሁትም እኔው ነኝ። ከሦስት ዓመት በፊት ከርነሉ ይዞት የመጣው ሞጁል ግንኙነቱን ይቆራርጥ ስለ ነበረ፣ የካርዱ ሠሪ ያወጣውን ሌላ ሞጁል በእጄ አጠናቅሬ የፊተኛውን አግጄ ነበር። አዲሱ ከርነል ሲመጣ በእጅ የተሠራው በአዲሱ ማኅደር የለም፤ ያለው ደግሞ የታገደው ነው። ከመስመሩ አጠገብ የእገዳውን ምክንያት የሚገልጽ አንዲት ቃል እንኳ አላኖርሁም፤ በዚያ ጠዋት ሌላ ሰው ተጠርቶ ቢሆን ኖሮ ምን ያህል እንደሚደክም ሳስበው አፍራለሁ። መስመሩን ሰርዤ ማሽኑን ባስነሣው ካርዱ ያለ ማንም እጅ ሠራ፤ በአዲሱ ዕትም የፊተኛው መቆራረጥም አልታየም።

የጠፋው የዲስክ ሞጁል ሲሆን ነገሩ ይከብዳል። ዋናው ዲስክ ገና ስላልተከፈተ ሞጁሉ የሚገኘው ከኢኒትራምኤፍኤስ፣ ማለትም በቅድሚያ ከሚነሣው ትንሽ የፋይል ሥርዓት ውስጥ ነው። የእገዳ ፋይሎች ቅጂም በዚያ ሊኖር ስለሚችል፣ ከለውጥ በኋላ በዴብያን አፕዴት-ኢኒትራምኤፍኤስን፣ በፌዶራ ድራከትን አዝዞ እንደ ገና ማሠራት ያስፈልጋል። የሞጁሉ ቅርጽ ልክ አይደለም የሚል መልስ ሲመጣ አብዛኛውን ጊዜ ለሌላ ዕትም የተሠራ ነው፤ አስፈላጊው ቁልፍ አልተገኘም ሲል ደግሞ ሴኪዩር ቡት ያልተፈረመበትን ሞጁል አልቀበልም ማለቱ ነው።

በዚያ ሰርቨር ላይ ዛሬ እያንዳንዱ የእገዳ መስመር ቀኑና ምክንያቱ ከላዩ ተጽፎበታል። ጥያቄ ያላችሁ ካላችሁ በደስታ እቀበላለሁ።